ብልጭታው አይሸውዳችሁ

በሰው ሰውነት ውስጥ የሚተከል መሣሪያ የመሥራት ሙያ ውስጥ እየገባችሁ ላላችሁ ወጣቶች፣

ስለ ኒቲኖል ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ኒቲኖል የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ነው። በአቶም ብዛት ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ይቻላል። በክብደት ግን ኒኬሉ ከ55 እስከ 56 በመቶ ይደርሳል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ኒኬል ብዙ ሰው አለርጂ ያለበት ብረት ነው። እኛ ደግሞ ከግማሽ በላይ ኒኬል የሆነን ነገር ደም ሥር ውስጥ ትተን ልንወጣ ነው፤ ያውም ለዕድሜ ልክ።

ሰውነት ይህን ችሎ የሚኖረው ብረቱን በለበሰችው ስስ የቲታኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ምክንያት ነው። በደንብ የተጨረሰ ስቴንት (ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ፣ በቀጫጭን ዘንጎች የተሠራ መረብ መሰል ቱቦ) ላይ የሽፋኗ ውፍረት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ከምድጃው እስከ ማሸጊያው ድረስ የምትሠሩት ሥራ ሁሉ ወይ ይጠቅማታል ወይ ይጎዳታል።

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ሽፋኗ ይህን ያህል ከጠቀመች፣ ለምን ወፈር አናደርጋትም?» ጥያቄው ደስ ይለኛል። መልሱ ግን ካሰባችሁት ተቃራኒ ነው። ኒቲኖልን ቅርጹን ለማስያዝ እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እናሞቀዋለን። ምድጃው አየር ካለው፣ ብረቱ ወርቃማ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙን የሚሰጠው የኦክሳይዱ ውፍረት ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ! ኦክስጅን አጥብቆ የሚፈልገው ቲታኒየሙን ነው። ቲታኒየሙ ከኦክስጅን ጋር ሲጣመር ኒኬሉ ከሽፋኑ ሥር ይከማቻል። ያ ወፍራም ሽፋን ከተሰነጠቀ የሰውነት ጨዋማ ፈሳሽ ቀጥታ የሚያገኘው ይህንን ኒኬል ነው።

መሰንጠቁ ደግሞ የማይሆን ነገር አይደለም። ኒቲኖል እስከ 8 በመቶ ያህል ተለጥጦ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኦክሳይድ ግን ሴራሚክ ነው፤ እንዲህ ያለ መለጠጥ አይችልም። ስቴንቱ ወደ ደም ሥር በሚወስደው ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ውስጥ ተጨምቆ ሲገባ ስሷ ሽፋን የተሻለ ትታገሳለች፤ ወፍራሙ ይፈረካከሳል። በእርግጥ በምድጃ የተሠራ ኦክሳይድ ፈተና የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ይለፍ፣ እኔ ተቃውሞ የለኝም። ግን በፈተና ነው እንጂ በቀለሙ አይፈረድ።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተተከሉት የመጀመሪያዎቹ የአኦርታ (የትልቁ ደም ሥር) ስቴንት ግራፍቶች፣ ማለትም ጨርቅ የለበሱ ስቴንቶች፣ አንዳንዶቹ ከታካሚ ሰውነት ሲወጡ፣ የኒቲኖል ሽቦዎቻቸው በዝገት ተቦርቡረው፣ አልፎም ተሰብረው ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ኤሌክትሮፖሊሽ፣ ብረቱን በኤሌክትሪክና በአሲድ ወደ ማለስለሱ ሥራ፣ እንምጣ። በሌዘር የተቆረጠ ቱቦ ጠርዙ ላይ ቀልጦ የረጋ ቆሻሻ አለው። ያንን በአሸዋ መምታትና በአሲድ ማጠብ ይቀንሰዋል። ከዚያ ስቴንቱ ከኤሌክትሪኩ አወንታዊ ጫፍ ጋር ተያይዞ አሲድ ውስጥ ይገባል። ጎላ ጎላ ያለው ቀድሞ ይሟሟል፣ ፊቱም ይለሰልሳል። ሰው ሁሉ የሚያየው ልስላሴውን ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፦ በሙቀት የተበላሸውን፣ ኒኬል የተከማቸበትን ቆዳ ጠራርጎ ያነሳዋል። ትንሽ ብቻ ካነሳችሁ ብረቱ ያብለጨልጫል፣ መጥፎው ንብርብር ግን በከፊል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «አበራ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ስንት ማይክሮን ተነሳ?» በሉ። ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ መዝኑት።

ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርጉትም ሰፊውና አንጸባራቂው ቦታ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ሁለት ዘንጎች የሚገናኙበትን የውስጥ ማዕዘን እዩ። ኤሌክትሪክ ያቀበለችው ሽቦ የነካችበትን ቦታ እዩ። እዚያ አሲዱ እንደ ሌላው ቦታ ስለማይሠራ ምልክት ትቶ ይሄዳል። በሥራው መሃል የምትነካበትን ነጥብ መቀየር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የቱቦውን የውስጥ ግድግዳም አትርሱ፤ ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይሰንፋል።

ፖሊሽ የማያስተካክለው ነገርም አለ። ኒቲኖል በግራፋይት ማቅለጫ ሲቀልጥ የቲታኒየም ካርባይድ ቅንጣቶች ውስጡ ይቀራሉ፤ የኦክሳይድ ቅንጣቶችም አሉ። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት ያወጣው ኤፍ2063 ለጥሬው ብረት የሚፈቅደው እስከ 39 ማይክሮሜትር (ማይክሮን) ርዝመት ያለው ቅንጣት ነው። የስቴንት ዘንግ ስፋት መቶ ምናምን ማይክሮሜትር ሊሆን እንደሚችል አስቡና ራሳችሁ አመዛዝኑት። ቅንጣቱ ፊት ላይ ከወጣ ወይም ተነቅሎ ጉድጓድ ከተወ፣ ዝገቱም ስንጥቁም ከዚያ ሊጀምር ይችላል።

ስለ አሲዶቹ አንድ ነገር ብቻ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ባለበት ክፍል አሲዱ ቆዳ ሲነካ የሚቀባው የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ከሌለ፣ አለቃ ቢቆጣም ሥራ አትጀምሩ። ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ እስኪያማችሁ አትጠብቁ።

የመጨረሻው ፈተና ኤፍ2129 የተባለው የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የዝገት ፈተና ነው። ዕቃው 37 ዲግሪ ላይ ባለ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፣ ናይትሮጅን ኦክስጅኑን ያስወጣል፣ ከዚያ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። የሆነ ቦታ ላይ ከረንቱ በድንገት ሽቅብ ከተፈተለከ ሽፋኗ ተበስታለች። ሰው አማካይ ቁጥሩን ይዞ ሪፖርት ለመጻፍ ይሮጣል። እናንተ ግን ከሁሉም ዝቅ ያለውን ውጤት አንሱና ጉድጓዱ የትኛው ቦታ ላይ እንደወጣ በማይክሮስኮፕ ፈልጉ። ውስጠኛው ማዕዘን ላይ ነው? ለኤክስሬይ እንዲታይ የተገጠመው የወርቅ ወይም የፕላቲነም ምልክት አጠገብ ነው? መልሱ ይለያያል፣ መፍትሔውም እንደዚያው።

ደግሞ የምትፈትኑት ለፈተና ተብሎ የተዘጋጀ ቁራጭ ሳህን እንዳይሆን። ስተሪላይዝ የተደረገው፣ ካቴተር ውስጥ ገብቶ የወጣው፣ ደንበኛ ጋ የሚሄደው ዕቃ ራሱ ይሁን።

በመጨረሻ ስለ ለውጥ። «ምድጃዋን ብቻ ነው የቀየርናት» ወይም «አሲዱ ያው ነው፣ አቅራቢው ነው የተለየው» የሚል ወሬ ስትሰሙ ጆሯችሁ ይቁም። ያረጀ የአሲድ መታጠቢያ የተሟሟ ብረት እያጠራቀመ ስለሚሄድ፣ ማንም ምንም ሳይነካ እንኳ ውጤቱ ይንሸራተታል። ከእያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር አብሮ ከተሠራው ዕቃ)፣ ከእያንዳንዱ ደረጃ አንድ አንድ ናሙና አስቀሩ፦ ከሌዘር በኋላ፣ ከምድጃ በኋላ፣ ከፖሊሽ በኋላ፣ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ፓሲቬት ከተደረገ (መከላከያ ሽፋኗ እንድትጠነክር ከታጠበ) በኋላ። ቀኑንና የመታጠቢያውን ዕድሜ ከረጢቱ ላይ ጻፉ። ከወራት በኋላ አንድ ባች ሲወድቅ፣ በስብሰባ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ከረጢቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተበላሸ ትፈልጋላችሁ።