«ለጦረኝ ልጄ» ማን ነው?

ወንድሜ፣ አባታችሁን ነፍስ ይማር። የደብረ ማርቆሱን ቤት «ለጦረኝ ልጄ» ብለው ተናዘዋል። አንተ አብረሃቸው ኖረሃል፤ ወንድምህ ከባሕር ዳር ብር ይልክ ነበር። ቤቱ የማን ነው ነው ጥያቄህ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 910 ይህን ይመለከታል። ቃሉ ካሻማ የተናዛዡ ሐሳብ ይፈለጋል፤ ከኑዛዜው ከራሱ ወይም ከሌሎች ሁኔታዎች። ቃሉ ግልጽ ከሆነ ግን «አባቴ ሊሉ የፈለጉት ሌላ ነው» ብሎ መተርጎም አይቻልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

የእናንተው ኑዛዜ ቃል በእርግጥም ያሻማል። እኛ ጎጃሞች መጦር ስንል ማጉረሱም ማስታመሙም አለበት፤ ብር መላክስ መጦር አይደለም ወይ? እኔ አይደለም ለማለት አልደፍርም።

ስለዚህ ወረቀቱን ደጋግመህ አንብብ። ሌላ መስመር ላይ «አብሮኝ ያለው» ካሉ ወይም ስምህን ከጠሩ ትልቅ ነገር ነው። በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ፣ ማለትም በምስክሮች ፊት የተነበበ፣ ከሆነ ምስክሮች አሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት። ያን ቀን ምን ሲሉ እንደሰሙ ጠይቃቸው። ጎረቤትም፣ ያስታመመ ዘመድም ይጠቅማል። ወንድምህም የባንክ ደረሰኙን ይዞ መቅረቡ አይቀርምና ተዘጋጅ።