ራሱ ገና ያልነጣው ንስር

ጥያቄ፦ ልጄ ጣና ዳር ሾላ ላይ ያረፈ ንስር በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንስቶ አመጣልኝ። አሳትሜ ሳሎን ልሰቅለው ነው። ያየው ጎረቤት ሁሉ ግን «ይሄማ ጭልፊት ነው፤ የጣና ንስር ራሱ ነጭ ነው» ይለኛል። ፎቶ ቤቱ ደግሞ የደረቱን ዝንጉርጉር በኮምፒውተር እናጽዳው አለኝ። ምን ይሻለኛል?
(አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እትዬ፣ የላኩልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ጭልፊት አይደለም። ያው ዓሣ አዳኙ ንስር ነው፤ ገና ልጅ ሆኖ ነው እንጂ። ራሱና ደረቱ ቦግ ብሎ የሚነጣው ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው። እግሩም እንደ ትልቁ ቢጫ አይደለም፤ ግራጫ ነው።

ዝንጉርጉሩን በፍጹም እንዳያስነኩት! ነጭ ራስ ያለው፣ ዓሣ በጥፍሩ ያንጠለጠለ ንስር በየሆቴሉ ግድግዳ ሞልቷል። ልጁን ንስር ግን ማን ይሰቅለዋል? ደረቱን ቀረብ ብለው ይዩት። ነጣ ባለው ላባ ላይ ቡናማው ጭረት ከአንገቱ ጀምሮ እየሰፋ ወርዷል። ዕድሜው የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። እሱን ካጸዱት የማንም ያልሆነ ወፍ ይቀርዎታል።

ፎቶው ካልተቆረጠ 6000 በ4000 ፒክስል ይሆናል። በ60 በ40 ሳንቲሜትር ጥርት ብሎ ይወጣል። 90 በ60ም ቢሆን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ለሚያየው አያሳፍርም። ወፉን ለማቅረብ ብዙ ከተቆረጠ ግን ከ60 አይለፉ። በቴሌግራም ሲልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለዚያ ይጨመቅና ላባው ይደበዝዛል።

ሸራ ላይ እናትምልዎ ይሉዎት ይሆናል። ለጮቄ ተራራ ቢሆን እሺ እል ነበር። ለላባ ግን የሸራው ሽመና ቀጫጭኑን ጭረት ይውጠዋል። የማያብለጨልጭ ወረቀት ይምረጡ። መስኮት ፊት ለፊትም አይስቀሉት። ፀሐይ ቀለሙን ትበላዋለች፤ መስታወት ካለውም ከወፉ ይልቅ መስኮቱ ነው የሚታየው።

ለልጅዎም አንድ መልእክት አለኝ። ጎጆ ያለበት ዛፍ ሥር አይሂድ። ሰው ሲጠጋ ወላጆቹ በርግገው ይነሳሉ፤ ጫጩቱ ለፀሐይና ለሌሎች አዳኞች ይጋለጣል። ከታንኳ ላይ፣ በረጅም ሌንስ ያንሳ። ቀዛፊው ደንገሉ ጥግ ዝም ብሎ ካቆመለት፣ ወፉ ከነመኖሩም አይቆጥረው።