ሸራ ወይስ ጫማ?

ጥያቄ፦ የቪትዜን የኋላ ፍሬን ቤቴ ግቢ ውስጥ ራሴ ሠራሁ። ታምቡሩ (ፍሬኑን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ዝጎ አልወጣ ቢለኝ ሁለት ቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ አጥብቄ ገፍቼ አወጣሁት። ይህንን ለጓደኞቼ ስጽፍ «የፍሬን ጫማ ቀየርኩ» አልኩ። አንዱ «የፍሬን ሸራ ነው የሚባለው» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው «ልክ ነህ፤ ብረት እንዴት ሸራ ይባላል?» አለ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ የሳቀው። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄደው «የፍሬን ጫማ» ቢሉ ባለሱቁ እግርዎን ነው የሚያየው።

ታምቡሩ ሲወልቅ ያዩትን ያስታውሱ። ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች በሞላ ተይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል። የሚያልቀው ግን ብረቱ አይደለም፤ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ጥቁር ነገር ነው። ሸራ የሱ ስም ነው፤ ብረቱ በጉርብትና ወረሰው።

ጥቁሩ ነገርስ ለምን ሸራ ተባለ? ድሮ እውነትም ሽመና ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 እንግሊዝ አገር ኸርበርት ፍሩድ የጀመረው ሥራ ከተሸመነ ጥጥ የፍሬን ልባስ መሥራት ነበር። «ፌሮዶ» የሚለው የምርት ስም ከስሙ ፊደላት፣ አንድ «E» ተጨምሮባቸው፣ የተገጣጠመ ነው። በኋላ ጥጡ በአስቤስቶስ ክር ተተካ፤ ዛሬ ደግሞ ታምቆ የሚሠራ ሆኗል። ድርና ማጉ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። ቃሉንም ከተከተልነው ባሕር ላይ ያወጣናል፦ ዐረቦች የመርከብን ሸራ «ሺራዕ» ይሉታል። ከመርከብ ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ሸራ ጫማ። ሸራና ጫማ የተጋቡት እግር ላይ ነው፤ ቸርኬ ውስጥ አናፋታቸው።

«ቃል በቃል ካልተረጎምን ቋንቋ አያድግም» የሚሉ አሉ። እሺ፣ ከየትኛው ቋንቋ? ጫማ የሚለው እንግሊዝኛው ነው። ጣሊያኖች «ጋናሻ» ይሉታል፣ መንጋጋ ማለት ነው። ፈረንሳዮችም መንጋጋ ነው የሚሉት። ፍሬን፣ ታምቡር፣ ቡሎን የጣሊያን ናቸው። ጭራቸውን፣ ማለትም የመጨረሻ አናባቢያቸውን፣ ጥለው ገቡ፤ ካምቢዮና ዳዶ ግን ከነጭራቸው ቀሩ። ለምን እንግዲህ ለዚች አንዷ ብቻ ለንደን እንሄዳለን? ትርጉም የግድ ከሆነ መንጋጋ ይሻላል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈት መንጋጋ መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ።

የኔን ድክመትም ልናገር። የጣሊያኑ «ፍሬኖ» ከላቲን የመጣ ነው፤ ጥንት ትርጉሙ የፈረስ ልጓም ነበር። ልጓም እያለን ፍሬን መዋሳችን እስከዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ጋራዥ ገብቼ «ልጓሙ ላልቷል» ብል መካኒኩ «ጋሼ፣ በፈረስ ነው የመጡት?» አለኝ። ተሸነፍኩ። «ፍሬኑን የበጠሰ ሰው» የሚለው አነጋገርም ገብቶ ቤተሰብ ሆኗል፤ አሁን ማን ያስወጣዋል?

ልጆቹ የፊቱን የዲስክ ሸራ «ፓድ» ማለት ጀምረዋል። ጆሮዬን ይኮሰኩሰዋል። ግን «ሸራ አምጣ» ተብሎ የፊቱ በኋላው ፈንታ ሲመጣ አይቻለሁና፣ ይሁን፣ ፓድ ይግባ።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር እንግዲህ «የኋላውን የፍሬን ሸራ ቀየርኩ» ይሁን። መካኒኮቹ «ፍሬን ሸራ» እያሉ «የ»ን ይውጧታል። እነሱ እጃቸው ዘይት ስለሆነ ይፈቀድላቸዋል፤ እርስዎ ታጥበው ነው የሚጽፉት።