የድንጋይ ካባው ወደ ጎን ይስፋ ወይስ ወደ ታች ይውረድ?

ጥያቄ፦ በአንድ የባዛልት ድንጋይ ካባ የቴክኒክ ኃላፊ ነኝ። ድንጋዩ እያለቀ ስለሆነ ባለቤቱ ማስፋፋት ይፈልጋል። ያለን አማራጭ ወይ በምሥራቅ በኩል ያለውን ተዳፋት መቁረጥ፣ ወይ ነባሩን ጉድጓድ በ15 ሜትር ማጥለቅ ነው። አማካሪያችን «ማጥለቁ አዲስ መሬት ስለማይነካ ለአካባቢ የተሻለ ነው» ብሎ ጽፏል። ከካባው በታች ያለው መንደር የሚጠጣው ከእጅ ጉድጓድ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አማካሪያችሁ ያየው በካርታ ላይ የሚታየውን መሬት ብቻ ነው። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ግን የከርሰ ምድር ውሃው ከካባው ወለል በስንት ሜትር እንደሚርቅ ነው። ይህ ካልተለካ «የተሻለ ነው» ማለት አይቻልም። ለመሆኑ 15 ሜትር የሚለው ከየት መጣ? ከማሽኑ አቅም የመጣ ይመስለኛል፤ ከውሃው እንዳልመጣ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ባዛልት ጠጣር ቢመስልም በስንጥቁና በአንዱ የላቫ ንብርብርና በሌላው መካከል ባለው የተፈረካከሰ ክፍል ውሃ በደንብ ያሳልፋል። የካባው ጉድጓድ ከውሃው ወለል በታች ከወረደ ሥራ ለመቀጠል ውሃውን በፓምፕ ማውጣት ግድ ነው። ያን ጊዜ የዙሪያው ውሃ ወደ ካባው ይሳባል፤ ቀድመው የሚደርቁትም ጥልቀት የሌላቸው የመንደሩ ጉድጓዶች ናቸው። የሚደርቁት በበጋ ስለሚሆን ሁሉም በዝናቡ ያሳብባል፤ ካባውን የሚጠረጥር ሰው የሚገኘው ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ በካባውና በመንደሩ መካከል ከታሰበው ወለል በታች የሚወርዱ የመከታተያ ጉድጓዶች ያስቆፍሩ። ክረምትና በጋን እንዲያካትት የውሃውን ወለል ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ይለኩ። በበጋ ብቻ የተለካ ወለል ያታልላል። በመንደሩ ጉድጓዶች ያለው የውሃ ከፍታና የናይትሬት መጠንም ከአሁኑ ይመዝገብ። ለፍንዳታ የምትጠቀሙበት አሞኒየም ናይትሬት በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ በእርጥብ የፈንጂ ቀዳዳ ውስጥ ሳይፈነዳ የቀረው ወደ መጠጥ ውሃ ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። የመነሻ ልኬት ከሌለ ነገ ክርክር ሲነሳ እናንተም መንደሩም ማስረጃ አይኖራችሁም።

ነባሩ ካባም ብዙ ይናገራል። ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚያንጠባጥበው የትኛው ግድግዳ ነው? ወለሉ ላይ የተኛው ውሃ በስንት ቀን ይደርቃል? ውሃ የሚቀዱትን ሰዎችም ጠይቁ፤ ከካባው መከፈት ወዲህ የመቅጃ ገመዳቸውን ያስረዘሙ ካሉ ጉዳዩ ቀድሞውኑ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ምሥራቁም ቢሆን ያለ ዕዳ አይደለም። ስንጥቆቹ ወደ ጉድጓዱ ካዘነበሉ ተዳፋቱ ሲቆረጥ ሊንሸራተት ይችላል፤ ያን ጊዜ እርከኑን ሰፋ፣ ቁመቱን አጠር ማድረግ ያስፈልጋል። ፍንዳታው ወደ ቤቶቹ ከቀረበ ንዝረቱ ይለካ። የጀርመኑ ዲን 4150 ደረጃ ከ10 ኸርዝ (በሰከንድ 10 ጊዜ) በታች ለሆነ ንዝረት የሚፈቀደው የንዝረት ፍጥነት ለመኖሪያ ቤት በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር፣ በቀላሉ ለሚጎዳ ሕንፃ 3 ሚሊ ሜትር ይላል። ቀድሞ የተሰነጠቀ ቤት ካለ እኔ 3ን እይዛለሁ። ንዝረቱን የሚወስነው የቀኑ ጠቅላላ ፈንጂ ሳይሆን በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው ክብደት ስለሆነ፣ በማዘግያ፣ ማለትም ቀዳዳዎቹን በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት በሚያፈነዳ መሣሪያ፣ መከፋፈል ብዙ ያግዛል። በባዛልት ውስጥ ኳርትዝ ጥቂት በመሆኑ ሳንባን የሚጎዳው የሲሊካ አቧራ ስጋት ከግራናይት ያነሰ ነው፤ አቧራው ግን አቧራ ነው፣ የበጋውን ነፋስ አቅጣጫ ሳያዩ ክሬሸሩን (የድንጋይ መፍጫውን) አያዛውሩ። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ይከመር፤ ካባው ሲዘጋ መሬቱን ለማልበስ ያስፈልጋል።

ፍርዴ ይህ ነው፦ በክረምት የተለካው ከፍተኛው የውሃ ወለል ከአዲሱ ወለል በበርካታ ሜትሮች ዝቅ ካለ አጥልቁ። ካልሆነ ከውሃው በላይ እስካለው ድረስ ብቻ ወርዳችሁ የቀረውን ከምሥራቅ ቁረጡ። ባለቤቱ የግድ ከውሃው በታች ልውረድ ካለ፣ ፓምፑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለመንደሩ ሌላ የመጠጥ ውሃ ተዘርግቶ አገልግሎት እንዲጀምር በውሉ ላይ ይጻፍ።