የአተር ክሽክሽና ቡናማዎቹ እብጠቶች

ጥያቄ፦ በስናን ወረዳ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ አተር ዘርቻለሁ። ከመስቀል ወዲህ፣ አተሩ ማበብ ሲጀምር፣ ለጋ ጫፉን አረንጓዴ ክሽክሽ ወረሰው። እንቁላሉን ብፈልግ አላገኘሁም፤ በቅጠሉ ላይ ግን ያበጡና የደረቁ ቡናማ ነገሮች ተለጥፈዋል። እንቁላሉ ያለው በእነዚህ ውስጥ ይሆን? የመርዝ መርጫ ተውሻለሁ፤ ቀፎ የሰቀለው ጎረቤቴ ግን ቅር ብሎታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ መርጫውን ለጥቂት ቀናት ያቆዩት፤ ያዩዋቸው ቡናማ ነገሮች እንቁላል ሳይሆኑ የሞቱ ክሽክሾች ናቸውና። ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ሆዷን በእግሮቿ መካከል ወደ ፊት አጥፋ በክሽክሹ ገላ ውስጥ አንዲት እንቁላል ትጥላለች፤ የተፈለፈለው እጭ ክሽክሹን ከውስጥ በልቶ ሲጨርስ ቆዳው አብጦ ይደርቅና በቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አተኩረው ቢመለከቱ በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ በምላጭ የተቆረጠች የምትመስል ክብ ቀዳዳ ያገኛሉ። አዲሲቱ ተርብ የወጣችው በዚያ ነው።

የክሽክሹን እንቁላል ያላገኙት ደግሞ ስለሌለ ነው። በብርድ አገሮች ክሽክሽ የበረዶውን ወራት የሚያሳልፍ እንቁላል ይጥላል፤ እንደ እኛ ባለ አገር ግን ሴቶቹ በአብዛኛው ያለ ወንድ፣ ሴት ልጆችን እየወለዱ ዓመቱን ይዘልቃሉ። የምትወለደዋ ልጅ በሆዷ ውስጥ የራሷ ጽንሶች ማደግ ጀምረዋል፤ አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ገላ ውስጥ እንደ ማለት ነው። አየሩ ከተስማማት በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ መውለድ ትጀምራለች። የክረምቱ ዶፍ ሲያባራም ታጥቦ የሚረግፈው ስለሚቀንስ ቁጥሩ በድንገት ያሻቅባል።

ይህን ሁሉ ልጅ በምን ትመግባለች ቢሉ፣ ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ክሽክሽ መርፌ መሰል አፉን ሰክቶ የሚመጠው የተክሉ ፈሳሽ ስኳር የሞላበት፣ ገላ የሚገነባባቸው አስፈላጊ የፕሮቲን መሥሪያዎች (አሚኖ አሲዶች) ግን ያነሱበት ነው። ጉድለቱን የሚሞላለት ቡክኔራ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በክሽክሹ ገላ ውስጥ በተለዩ ሴሎች እየኖረና ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ አብሮት ዘልቋል። የተረፈው ስኳር ወደ ውጭ ይጣላል፤ ቅጠሉ እጅ ላይ የሚጣበቀው ለዚህ ነው።

ሐሚልቶኔላ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ያደረባቸው የአተር ክሽክሾችም አሉ። ባክቴሪያው በውስጡ ከተሸከመው ቫይረስ ጋር ሆኖ የተርቧን ዘር ገና በጨቅላነቱ ስለሚገድለው፣ ተርቧ በአንዱ ማሳ የረታችውን ክሽክሽ በሌላው ላትረታው ትችላለች። ስለዚህ በጎረቤት ማሳ ከመፍረድ የራስን ማየት ይሻላል። ነጭ ጨርቅ ያነጠፉበትን ሰፌድ ከአተሩ ሥር ይዘው ተክሉን ያራግፉት፤ የአተር ክሽክሽ ሲደነግጥ ራሱን ወደ መሬት የመጣል ልማድ ስላለው ሰፌዱ ላይ ይዘንባል፣ ክሽክሽ የሚበሉት ነጠብጣብ ጥንዚዛዎችና እጮቻቸውም አብረው ይወድቃሉ። ቡናማዎቹ ግን ስለማይረግፉ ከቅጠሉ ላይ ይቁጠሯቸው። ይህን በማሳው በተለያዩ ቦታዎች፣ በየሦስት ቀኑ ይድገሙት።

ቡናማዎቹና ጥንዚዛዎቹ እየበዙ ከሄዱ መርዙ አያስፈልግዎትም። አብዛኛው መርዝ ተርቧንም ጥንዚዛውንም ይፈጃል፤ የተረፈው ጥቂት ክሽክሽ ያለ ጠላት ይቀርና ከእነርሱ ቀድሞ ይራባል። ቡናማዎቹ ጥቂት ሆነው ክሽክሹ ብቻ የሚጨምር ከሆነ በወረዳዎ የግብርና ባለሙያ ምክር የተወረረውን ክፍል ብቻ ይርጩ፤ አተሩ አበባ ላይ እያለ መርጨት ግን፣ ጎረቤትዎ እንደ ሰጉት፣ ንብ ይጎዳል። ግድ ከሆነም ንቡ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ሲመሽ ይሁን።

ቀዳዳ ያልወጣላቸውን ጥቂት ቡናማዎች ከነቅጠላቸው በብርጭቆ ውስጥ አድርገው አፉን በነጠላ ቁራጭ ይሰሩት። ከቀናት በኋላ ጥቃቅን ጥቁር ተርቦች በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ሲሄዱ ያያሉ፤ ያን ጊዜ ጨርቁን አተሩ መካከል ይፍቱት።