የስልጠናው ብር የት ላይ ይዋል? ለኩታበሩ ወንድማችን

ሰላም ለሁላችሁም። የኩታበሩ ወንድማችን ትናንት የጠየቀውን አይቼዋለሁ። ለ60 ወጣቶች የክህሎት ስልጠና የሚሆን ብር ተገኝቷል፤ ወንድማችንም ብሩን የሚመድበው ኮሚቴ ውስጥ ገብቷል። «ማሽን እንግዛበት፣ ለኮሌጅ ከፍለን እናሰልጥንበት ወይስ ለልጆቹ መነሻ ካፒታል እናድርገው?» ነው ጥያቄው። በሁለት መስመር ልመልስ ነበር። ግን ይሄ ነገር ዕድሜዬን የፈጀሁበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

እኔ የልብስ ስፌት አሰልጣኝ ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በቴክኒክና ሙያ 11 ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ በፊት ፋብሪካ ውስጥ ኦፕሬተር ነበርኩ። ካሰለጠንኳቸው ልጆች አብዛኞቹ ሲኦሲውን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ያልፋሉ። የሚጠፉብኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰርተፍኬት ይዘው ከወጡ በኋላ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸው እጃቸው ሳይገባ። ሀሳቤን ከወዲሁ ልንገርህ፤ ከብሩ ግማሹን ለዚያች ጊዜ አስቀሩላቸው።

በማሽኑ ልጀምር። ኮሚቴ ማሽን ይወዳል። ማሽን ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔ ወደነበርኩበት ተቋም አንድ ጊዜ 20 የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን ገባ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። የገባው ሰኔ ላይ ነው። ለምን ሰኔ እንደሆነ የመንግስት በጀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያላወጣኸው ብር ይመለሳል። ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው)፣ ጨረታው፣ ፊርማው ሲጓተት ይከርማል፤ ግንቦት ላይ ሩጫ ይሆናል። በሩጫ ደግሞ የሚገዛው የተገኘው ነው። መስከረም ላይ ክፍል ስንከፍት ኦቨርሎኮቹ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚይዙት ማሽኖች፣ ክር የሚያጠላልፈው ሉፐራቸው ቶሎ ቶሎ ይሰበራል፣ መለዋወጫ የለም። መርፌ የሚገዛበት ብር እንኳ አልተያዘም። 25 ልጅ በስድስት ማሽን ተራ እየጠበቀ ተማረ። የቀሩት ማሽኖች ጥግ ላይ አቧራ ጠጡ። ስለዚህ ማሽን የግድ ከሆነ ጥቂት ግዙ፤ የመርፌው፣ የክሩ፣ የዘይቱና የመካኒኩ ወጪ ግን ለሁለት ዓመት አብሮ ይያዝ።

ለኮሌጅ መክፈሉ ክፋት የለውም። አሰልጣኝ አለ፣ ክፍል አለ። ግን ክፍያውን በሰልጣኝ ቁጥር ብቻ አትተምኑት። የመጨረሻው ክፍያ ልጆቹ ስራ ላይ ሦስት ወር ሲቆዩ ይለቀቅ። ደግሞ የትብብር ስልጠና የሚባለው ነገር ከስልጠናው 70 በመቶው ስራ ቦታ ላይ እንዲሆን ነው የሚፈልገው። በተግባር ግን ልጆቹን የሚቀበል ድርጅት ይጠፋል። ለምን እንደሚጠፋ የገባኝ አንድ የደሴ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ነው።

ሁለት ልጅ እንዲቀበለኝ ልለምነው ነበር የሄድኩት። ሻይ አስመጣልኝና ጨርሼ እስክናገር ሰማኝ። ከዚያ ከማሽኑ ስር ካርቶን ሳበ። ውስጡ የተበላሸ ልብስ ነው። አንድ ሱሪ አንስቶ ጭኑ ላይ ዘረጋልኝ። ኪሱ ተንጋዶ ተሰፍቷል፤ ሊያቃኑት ሲፈቱት ጨርቁ ተተርትሯል። «እህቴ፣ ልጆቹን ጠልቼ አይደለም። ይሄ የሰው ጨርቅ ነው። ማን ይክፈለው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስከዚያ ቀን በጻፍኩት የስልጠና እቅድ ሁሉ የአዳራሽ ኪራይ አለ፣ አበል አለ፣ ባነር አለ። የሚበላሽ ጨርቅ የሚል ግን አንድም ቦታ የለም።

በቀጣዩ ዙር ትንሽ ብር አገኘን። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ የሚበላሽ ጨርቅና ክር በወር ተመንን፤ ብሩን ለሰፊዎቹ ሰጠን። አራት ልብስ ሰፊዎች ስምንት ልጅ ወሰዱ። ወሩንም አስበንበታል። ሰኔ ላይ ስለገቡ ነሐሴ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ሲጎርፍ እጃቸው ተፍታቶ ነበር። በዚያ ወቅት ሰፊ ሰው ይፈልጋል፣ አያባርርም። ዩኒፎርሙ ሲያልቅ አምስቱ እዚያው ቀሩ። ሁለቱ ሌላ ቤት ገቡ። አንዷ አገባችና ሄደች።

ፋብሪካውንም አልረሳሁትም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ፣ እንግዲህ ልጆቻችን በሙሉ እዚያ ይገባሉ ብለን ነበር። ከደላንታ የመጣች እጀ ፈጣን ተማሪ ነበረችኝ። ከክፍሉ የሚደርስባት የለም። አንድ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ በሦስተኛው ሳምንት ጥላ መጣች። ተቆጣኋት። እሷ አልተከራከረችኝም። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችልኝ፤ የቤት ኪራይ በቅድሚያ፣ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ጋዝ፣ ዳቦ። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ነው። ከቤት ይዛ የመጣችው ብር ሁለት ሳምንት አላደረሳትም። ልጅቷ ያጣችው የአንድ ወር መቆያ እንጂ ሙያ አልነበረም። መቆጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይሄ የእሷ ብቻ አይደለም። ብላትማን እና ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ 1,000 ገደማ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ከተቀጠሩት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቋል። ያንን ሳነብ የደላንታዋ ልጅ ናት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው። እናንተም ኮምቦልቻ ለሚወርዱት ልጆች የመጀመሪያ ወር ኪራይና ምግብ ያዙላቸው።

ከዚያ 2014 መጣ። ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ገባ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። በዚያው ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች፤ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባው ልብስም ያንን ዕድል አጣ። ያኔ በጣም የተጎዱት ፋብሪካ ውስጥ ላይን ላይ፣ ማለትም በምርት መስመር ተደርድረው፣ አንዲት ስፌት ብቻ ሲደጋግሙ የኖሩት ናቸው። ኮሌታ ስትሰፋ የሚያህላት የለም፤ ሙሉ ሸሚዝ ለክታ መቅደድ ግን አትችልም። ስለዚህ ለፋብሪካ የምታሰለጥኑትንም ልኬትና ቅድ አስተምሩት። ስልሳውንም ስፌት ላይ አትክመሯቸው። ብየዳ፣ ቧንቧ፣ የቤት ኤሌክትሪክ አለ። ኩታበር ለደሴ ቅርብ ነው፤ ልጁ ቤቱ እያደረ ሊማር ይችላል።

መነሻ ካፒታሉን በተመለከተ፣ ገና ሰርተፍኬት ለያዘ ልጅ አትስጡ። ያው የብላትማንና የዴርኮን ጥናት 300 ዶላር ገደማ ከአጭር ስልጠና ጋር የተሰጣቸውንም አይቷል። በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው በ33 በመቶ በልጦ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እኔም ያየሁት ከዚህ አይርቅም። አምስት ሆነው ተደራጁ ተብለው ማሽን የተቀበሉ ልጆች ዓመት ሳይሞላቸው ተጣልተው ተበተኑ። ስድስት ወር ሰው ቤት ሰርቶ ደንበኛ ያፈራ ልጅ ግን ብሩን ያውቅበታል። እሱ ማሽኑን በካፒታል ዕቃ ፋይናንስ፣ በሊዝ፣ ማለትም እየሰራበት በየጊዜው እየከፈለ፣ ሊያወጣው ይችላል፤ የእናንተ ብር አስቀድሞ ለሚቆጥበው ለቅድመ ቁጠባው ይደግፈው።

ኮሚቴው ባነርና አዳራሽ ቢልህ አትደንግጥ፣ አብሽር። ከስብሰባው በፊት ደሴ ውረድና አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ በያጅ፣ አንድ የጋራዥ ባለቤት አነጋግር። «ልጅ ትቀበላለህ?» አትበላቸው፤ ይሉኝታ ይዟቸው እሺ ይሉሃል። «አንድ ልጅ በመጀመሪያው ወር ስንት ብር ያከስርሃል?» ብለህ ጠይቅ። የነገሩህን ቁጥር ጽፈህ ለኮሚቴው አንብብላቸው።