«ተፈጥሯዊ» እንክብል ከዋርፋሪን ጋር ይወሰዳል?

ጥያቄ፦ የልብ ምቴ የተዛባ በመሆኑ ደሜ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት እወስዳለሁ። በቅርቡ ድብርት ሲጫጫነኝ አንዲት ወዳጄ «እኔን አሽሎኛል» ብላ ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ የዕፅዋት እንክብል ሰጠችኝና ለጥቂት ሳምንታት ወሰድኩት። በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ አዎን፣ ሊኖረው ይችላል፤ ጉዳዩም እስከሚቀጥለው ቀጠሮዎ የሚቆይ አይደለም። ይህ ተክል ጉበት መድኃኒቶችን ሰባብሮ ለማስወገድ የሚጠቀምባቸውን ኢንዛይሞች ያበራክታል። በዚህም ምክንያት እርስዎ ክኒንዎን አንድም ቀን ሳያጓድሉ እየዋጡ፣ በደምዎ ውስጥ የሚገኘው የዋርፋሪን መጠን የደም መርጋትን ለመከላከል ከሚያስፈልገው በታች ሊወርድ ይችላል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንም ሆነ የሰውነት ክፍል ለተተካላቸው ሰዎች የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን በዚሁ መንገድ ኃይላቸው ይቀንሳል።

«ተፈጥሯዊ» መባሉ ስለ ደኅንነቱ የሚነግረን ነገር የለም። የሚወስዱት ዋርፋሪን ራሱ መነሻው ተክል ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ስዊት ክሎቨር ከተባለ ተክል የተዘጋጀና የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር፤ ተመራማሪዎችም ለዚህ ምክንያት የሆነውን ዳይኩማሮልን ለይተው አወጡ። ከእርሱ ተነሥቶ የተሠራው ዋርፋሪን መጀመሪያ ለአይጥ መግደያነት ዋለ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። መርዙን መድኃኒት ያደረገው መጠኑ ተለክቶ መሰጠቱና ውጤቱ በደም ምርመራ መከታተሉ ነው።

ወዳጅዎ ተሽሏት ሊሆን ይችላል፤ ተክሉ ለቀላልና ለመካከለኛ ድብርት ምንም መድኃኒት ከሌለበት የማነጻጸሪያ ክኒን የተሻለ ውጤት ያሳየባቸው ጥናቶች አሉ። ይሁን እንጂ ሰውነት ላይ የሚሠራ ነገር ሁሉ ከሌላ መድኃኒት ጋርም ሊጋጭ ይችላል። በመድኃኒት ቤት መሸጡም ማስረጃ አይሆንም። በአንዳንድ መድኃኒት ቤቶች በአንድ መቶ እጅ እየቀጠነ ይኸው 30 ጊዜ የተደጋገመ፣ ከመነሻው ንጥረ ነገር አንድ ሞለኪውል እንኳ ይቀርበታል ተብሎ የማይጠበቅ፣ ሆሚዮፓቲ የተባለው አማራጭ ሕክምና ዝግጅት ሳይቀር ከተፈተኑ መድኃኒቶች ጎን ይደረደራል፤ ይህን ለገዢው ሳያስረዱ መሸጥ ከሙያችን ጋር የሚቃረን ይመስለኛል።

እንክብሉን ለሐኪምዎ ሳያሳውቁ በራስዎ እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ፤ ሲቋረጥ ኢንዛይሞቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ፣ የዋርፋሪኑም መጠን ከፍ ብሎ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ወይም ለፋርማሲስትዎ ደውለው ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው አይ ኤን አር የተባለው የደም ምርመራ እንዲሠራልዎና በሚቀጥሉት ሳምንታትም እንዲደጋገም ይጠይቁ፤ ለምርመራው ሲሄዱ ሁለቱንም መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይያዙ። ስለ ድብርቱም ይንገሯቸው፤ ከዋርፋሪን ጋር ሊወሰድ የሚችል ሕክምና መምረጥ ይቻላል። አንድ ጎንዎ በድንገት ከዛለ፣ ንግግርዎ ከተኮላተፈ ወይም ሰገራዎ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።